የጣት ቁመት ዛፍ ፍለጋ ወደ ማንኩሳ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ባሕር ዳር

ባለቤቴን «ጣት የሚያህል ዛፍ መሥሪያ ዕቃ ፍለጋ እስከ ማንኩሳ ደርሼ ልምጣ» ስላት የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ። «ሰው ወደ ቡሬና ማንኩሳ የሚሄደው እህል ሊሸምት ነው። አንተ ጭራሮ ልትለቅም ትሄዳለህ?» አለች። «ጭራሮ ብቻ አይደለም፤ ስፖንጅም አለ» አልኳት። መልሱ ነገሩን እንዳላሻሻለው ከፊቷ ገባኝ። «እንግዲያው ከጭራሮው ጋር የማንኩሳ በርበሬ አትርሳ» ብላ ሸኘችኝ። በጥቅምት ብርድ አንገቴን በነጠላ ጠምጥሜ፣ ፒንሳ፣ መቀስ፣ አንዲት ትንሽ መቆፈሪያ፣ ሽቦ፣ ክርና ሙጫ በጀርባ ቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። እኔ የማስታወቂያ ሰሌዳ እየጻፍኩ፣ አልፎ አልፎም ለሕንፃ ነዳፊዎች የቤት ሞዴል እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግን የጦር አዛዥ እሆናለሁ። ጎረቤቴ ጋሼ ወርቅነህ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከዓመታት በፊት አንድ ጨዋታ አስለመዱኝ። ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ኮረብታና ወንዝ ይሠራል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ወታደሮችና ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ ዳይስ ይጣላል፤ በማስመሪያ እየተለካ ይዘመታል። ጦሩ የማንም አገር ጦር አይደለም፤ ቀይና ሰማያዊ ብቻ ነው። ቀዩ የእኔ፣ ሰማያዊው የእሳቸው። ሰው ይስቅብናል፤ እኛም አብረን እንስቃለን።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሳቅ ብቻ አልሆነም። ጋሼ ወርቅነህን የዓይን ግፊት ይዟቸዋል። ዳር ዳሩ ጨልሞባቸው የሚያዩት መሐል መሐሉን ነው። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም እስከ መቼ እንደሚቆይ ማንም እንደማያውቅ ነግሯቸዋል። ይህን በሰሙ በሳምንቱ ጠሩኝና «አዲሱን ጠረጴዛ የዋርካ ሜዳን መልክ ብናስይዘው ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ዋርካ ሜዳ ከማንኩሳ ወጣ ብላ ያለች፣ ተወልደው ያደጉባት መንደር ናት። በልጅነታቸው ለትምህርት ከወጡ በኋላ ወላጆቻቸው አልፈው፣ እህት ወንድሞቻቸውም ወዲያና ወዲህ ተበትነው፣ ተመልሰው አላዩዋትም። «ቶሎ ብትጨርሰው አይከፋኝም» አሉኝ። «ዓይኔ ሳይጠፋ» አላሉኝም። የጎጃም ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት አይናገረውም።

ኮረብታውን በጄሶ፣ ወንዙን በቫርኒሽ ሠርቼ ጨረስኩ። የቀረው ዛፍና አጥር ነው። በጨዋታችን ሕግ ደግሞ አጥር ትልቅ ነገር ነው፤ ፈረስ አጥር አይዘልም፣ ከአጥር ጀርባ ያለን ወታደርም መምታት ከባድ ነው። «ጋሼ፣ የቤታችሁ አጥር ምን ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው «አጥር ነዋ!» አሉኝ። እሾህ ይሁን ቁልቋል፣ ግንብ ይሁን ጭራሮ አያስታውሱም። ልጅ አጥር ይሾልካል እንጂ መቼ አጥር ያያል? ስለዚህ ሄጄ በዓይኔ አይቼ፣ ዕቃውንም እዚያው ለቅሜ ልመለስ ወሰንኩ። ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ?

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፤ ዱርቤቴ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ከመናኸሪያ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቄ ነው ሚኒባስ የያዝኩት። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። ከጎኔ የተቀመጡት ገበሬ ቦርሳዬ ሲከፈት ፒንሳውንና መቆፈሪያውን አይተው «ለምን ጉዳይ ነው?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። «ለእንጨት ሥራ» አልኳቸው። «እንጨት ከሆነ የዛሬ ጊዜ እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ሌላ ምን ቀረ ብለህ» አሉና በመስኮት ወደ ውጭ አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የኑግ አበባ ማሳውን ቢጫ አድርጎታል፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ከማሳው ኋላ ደግሞ ባሕር ዛፍ ተደርድሮ ቆሟል።

ዱርቤቴ ለቁርስ ቆምን። እህል የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተው ሾፌራችን ጥሩምባውን ሲያንባርቅ፣ እኔ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብቼ እንቁላል ፍርፍር በመቶ ሃምሳ ብር በላሁ። ቃሪያው ጆሮዬን አጋለው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የፕላስቲክ አበባ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ለቁጥቋጦ የሚሆን መስሎኝ ቆሜ ስነካካው አስተናጋጇ «አባባ፣ እሱ አይሸጥም» አለችኝ። አባባ! ገና አርባ አምስቴን አልደፈንኩም፤ ጢሜ ነው ጉድ የሚሠራኝ።

ከቀኑ 7 ሰዓት፤ ቡሬ

ቡሬ ሁሌም የሚቸኩል ከተማ ነው። ወደ ነቀምት የሚታጠፈው መኪና፣ እህል የሚያራግፈው፣ ባጃጁ፣ ተማሪው፣ ሁሉም መንታ መንገዱ ላይ ይገናኛል። እኔ የፈለግሁት ሶፋ ሠሪ ነበር። የዛፍ ቅጠል የሚሠራው ከፍራሽ ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጁ ይቆራረጥና በቡና መፍጫ ይደቅቃል፣ አረንጓዴ ቀለም ይጠጣል፣ ደርቆ በሽቦ ቅርንጫፍ ላይ በሙጫ ይነሰነሳል። ባሕር ዳር ስፖንጁ አለ፤ ግን ሁሉም ቁራጩን ለትራስ ስለሚጠቀምበት በነፃ አይሰጥም።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያገኘሁት ሶፋ ሠሪ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፀጉሩን ተሠርቶ፣ አፉ ውስጥ ሚስማር ይዞ ይሠራል።

«ብራዘር፣ ትራስ ነው የምትሞላው?» አለኝ።

«ዛፍ ልሠራበት ነው።»

ሚስማሩን ከአፉ አወጣ። «ዛፍ? ከስፖንጅ? ለምን፣ ዛፍ አልቆ ነው?»

በዚህኛው ሰው ፊት ግን አላፈርኩም፤ ለናሙና የያዝኩትን አንድ የተጠናቀቀ ዛፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፌ ላይ አቆምኩለት። ዙሪያውን ዞሮ አየውና «ተመችቶኛል!» ብሎ ግማሽ ማዳበሪያ ቁርጥራጭ ሞላልኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም። «ስትጨርስ ፎቶ ላክልኝ፤ ለደንበኛ አሳያለሁ» አለ። ዛፉን ለእሱ ትቼ፣ ያን ማዳበሪያ ተሸክሜ፣ በደስታ ሽሮ በልቼ፣ ወደ ማንኩሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አሥር ሰዓት ላይ ማንኩሳ አልጋ ይዤ፣ ዋርካ ሜዳ በባጃጅ ግማሽ መንገድ፣ ከዚያ በእግር መሆኑን አጣርቼ በጊዜ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ዋርካ ሜዳ

አሁን የማወራው ስለ ሞኝነቴ ነው፤ ታገሱኝ።

ያረጀ ዛፍ ግንድ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ሰዉ የዛፍ ሽበት የሚለው ነገር፣ ለትናንሽ ዛፍ ከሁሉ የተሻለ ቅጠል ነው። ግን ፀሐይ ከመታው በእጅ ውስጥ ይፈረፈራል፤ መለቀም ያለበት ጤዛ እንዳለ፣ በማለዳ ነው። ሌላው የምፈልገው ደግሞ ሥር ነው። የደረቀ ቁጥቋጦ ሥር ታጥቦ ሲገለበጥ ግንድና ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ሽቦ እንኳ አያስፈልገውም። ስለዚህ ሰው ሳይነሳ ተነስቼ፣ ነጠላዬን እንደተጠመጠምኩ፣ በመንደሩ ዳር ዳር እየዞርኩ ሽበት እለቅማለሁ፣ ሥር እቆፍራለሁ። የለቀምኩትን በየዓይነቱ የማስርበትን ክር በከንፈሬ ይዤዋለሁ።

እንዲህ ሆኜ አንድ የቅንጭብ አጥር ጋ ደረስኩ። ቅንጭብ እንደምታውቁት ቅጠል የለውም፤ ጣት ጣት የሚያካክል አረንጓዴ በትር ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያነባል። አጥሩ ጥቅጥቅ ብሎ ሲያምር! ለናሙና ብዬ ሦስት ቅርንጫፍ በመቀስ ቆረጥኩ። በዚህ መሐል አንዲት ሴት ጀሪካን ተሸክመው በአጥሩ ጥግ ብቅ አሉ።

«እንደምን አደሩ?» አሉ።

ክሩ በከንፈሬ ነው። አንገቴን ዝቅ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁና በጨዋ ደንብ እጅ ነሳሁ። ሴትዮዋ ጀሪካኑን ቀስ ብለው አስቀመጡት። በእኔ በኩል አላለፉም፤ በመጡበት ተመለሱ። እኔ ደግሞ «ምን ረስተው ይሆን?» ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ፀሐይ ሞቅ ስትል አንድ ዋንዛ ሥር ቁጭ ብዬ ዕቃዬን ስለይ አራት ሰዎች መጡ። ሦስቱ ወንዶች ናቸው፤ አራተኛዋ እኒያ ባለ ጀሪካኗ ሴት። ከፊት የቀደሙት ጋቢ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ኋላ እንዳወቅሁት ስማቸው አያ ጥሩነህ ነው።

«ጌታው፣ ደህና አደሩ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደራችሁ?»

«እሰይ። አንደበት አለዎት ማለት ነው።»

ያኔም አልገባኝም። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና ዙሪያ ጥምጥም ጀመሩ። እንግዳ የእግዜር መሆኑን፣ መንደራቸው እንግዳ አሳድሮ እንደሚያውቅ፣ የዛሬው ረቡዕ የጾም ቀን መሆኑን አነሱ። ከዚያ «ይኼን ሥር ለማን ነው የሚወስዱት?» አሉኝ።

«ለአንድ ሽማግሌ ነው።»

«ምን ሆነው?»

«ዓይናቸውን ታመው።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ እውነት በተናገርኩ ቁጥር ጉድጓዴን እየቆፈርኩ ነበር! ሴትዮዋ ከዚህ በላይ አልታገሡም። ወይዘሮ የሺ ይባላሉ። «የኔን አጥር ማን ቁረጥ አለህ? ይህን ንገረኝ!» አሉ። ከጎረቤታቸው ጋር በወሰን ተጣልተው ጉዳያቸው በሽማግሌ ተይዟል፤ በማለዳ፣ በረቡዕ ቀን፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሥር የሚቆፍርና አጥራቸውን የሚቆርጥ ጢማም ሰው ሲያዩ ምን ይበሉ? መድኃኒት ቆራጭ ረቡዕና ዓርብ በማለዳ ይወጣል፤ ሥራውን እስኪጨርስም አይናገርም። «ባለጋራዬ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ላከብኝ» ብለው አምነዋል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገሩ እንጂ ከሽማግሌው ኋላ አልወጡም። ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት ነው። ያን ባየሁ ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ጠርጥረናል» አሉ አያ ጥሩነህ። «አሁን እርስዎ ያስረዱን።»

ማስረዳት! አርባ አምስት ዓመት የተጠጋ ሰው አራት የተከበሩ ሰዎች ፊት ስለ ጨዋታ ማስረዳት! ቦርሳዬን ገለበጥኩት። ሽቦው፣ ፒንሳው፣ ሙጫው፣ ለልክ የያዝኩት አንድ ቀይ ፈረሰኛ ሣሩ ላይ ወደቁ። አንዱን ሥር አንስቼ አፈሩን ጠረግሁ፣ ገለበጥኩት፣ ቅርንጫፉን ሙጫ ቀባሁ፣ ሽበቱን ቆንጠር ቆንጠር እያደረግሁ ለጠፍኩበት። ፈረሰኛውን ከሥሩ አቆምኩት።

አያ ጥሩነህ ቁጢጥ አሉ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ዋንዛ።»

«ዋንዛ አይደለም» አሉ ኮስተር ብለው። «ዋንዛ እንዲህ ጎረምሳ አይመስልም። ጎኑ ሰፋ፣ ጥላው ወደቅ ይላል። ቀና ብለህ እይ እንጂ፣ ከሥሩ ተቀምጠህ!»

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ የሺ ናቸው። እንዴት ያለ ሳቅ! ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ኧረ በሞቴ! ለዚህ ነው ልቤን ያወለቅኸው?» አሉኝ። ሁለቱ ወንዶች ፈረሰኛውን እየተቀባበሉ ልጓም የለውም፣ ኮርቻው ወደ ኋላ ተንሸራቷል እያሉ ያርሙ ጀመር።

ከዚያ ለማን እንደምሠራው ነገርኳቸው። የጋሼ ወርቅነህን ስም ስጠራ አያ ጥሩነህ ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሱት። «የፈንታ ልጅ? በእግሩ ቡሬ ድረስ ሄዶ የተማረው ወርቅነህ? አለ እንዴ!»

«አሉ። ዓይናቸው ነው።»

«እኔን» አሉ።

ተነስተው የፈንታ ቤት የነበረበትን ቦታ አሳዩኝ። ባየሁ ጊዜ ወሽመጤ ተቆረጠ። ቤት የለም፣ አጥር የለም። ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ሣር እንኳ አያበቅል። ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ያን አጥር ለማየት ነበር። ለጋሼ ምን ብዬ እመለሳለሁ? «መንደርዎ ባሕር ዛፍ ሆኗል» ልበላቸው? እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ወይዘሮ የሺ ከኋላዬ ቆመው «አጥሩን ነው የፈለግኸው?» አሉኝ። «ቅንጭብ ነበር። የኔስ አጥር ከየት የመጣ መሰለህ? እናቴ ስትዳር ከፈንታ ቤት ቆርጣ አምጥታ የተከለችው ነው። ይኼ መንደር ያለው ቅንጭብ ሁሉ የዚያ ቤት ዘር ነው።»

በጠዋት በመቀስ የቆረጥኩት ያንኑ ነበር ማለት ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ ሳቅሁ።

አያ ጥሩነህ በከዘራቸው አፈሩ ላይ ይሥሉልኝ ጀመር። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ዋንዛው ከጎተራው አጠገብ። አውድማው ከላይ፣ ከደጃፉ እስከ ወንዙ ድረስ የጤፍ ማሳ፤ መንገዱ ማሳውን ዞሮ ይወርዳል። «የለም፣ አውድማው ከታች ነው» አሉ ወይዘሮ የሺ። ተከራከሩ። ሁለቱ ወንዶች ወገን ለይተው ገቡበት። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ሁሉን ሣልኩ፤ አውድማው ግን እስከ መጨረሻው ሁለት ቦታ ነው የተሣለው።

ካሣዬንም ወይዘሮ የሺ ፈረዱብኝ። «የቆረጥከውን ትተክላለህ» አሉ። ቅንጭብ ወዲያው አይተከልም፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጥላ ሥር ይቀመጣል። ስለዚህ የቆረጥኩትን አስቀምጠው፣ እሳቸው ቀድመው ቆርጠው ያደረቁትን ሰጡኝ። ጉድጓዱን በመቆፈሪያዬ ቆፈርኩ፣ አጥሩ የሳሳበት ላይ ሰባት በትር አቆምኩ፣ አፈሩን በእግሬ ረገጥኩ። «ጠበቅ አድርገህ! በግ የሚገባበት አጥር ምን ይሠራልኛል?» ይሉኛል ከላይ። አንዲት ቁራጭ ለጋሼ ልውሰድላቸው ብላቸው ግን ደነገጡ። «ወተቱ ዓይን ያጠፋል! ለታመመ ዓይን ቅንጭብ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ? አንተም እጅህን ታጠብ፤ ሳትታጠብ ፊትህን እንዳትነካ።» በአመድና በሳሙና ሦስት ጊዜ አስታጠቡኝ። ምሳ ሽምብራ አሹቅና ተልባ በእንጀራ አበሉኝ። ስለያቸው አያ ጥሩነህ «ለወርቅነህ፣ ጥሩነህ ደህና ነው በልልኝ» አሉ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ ፍኖተ ሰላም

አጥሩ ቅንጭብ መሆኑን አወቅሁ፤ እውነተኛውን ቅንጭብ ግን መጠቀም አልችልም። ከምን ልሥራው? ጥያቄውን ይዤ ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ገበያው ውስጥ ቃጫ ገዛሁ፤ በመቀስ ተከርክሞ ቀለም ሲጠጣ ጤፍ ይሆናል። ከቅመም ሻጮች የደረቀ ጦስኝ ገዛሁ፤ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ለጓሮ ቁጥቋጦ የተፈጠረ ነው። ሻጯ «ሻይ ላይ ነው የምትጨምረው?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት፤ በትናንቱ ላይ ሌላ ማብራሪያ ለመጀመር አቅም አልነበረኝም። አንድ እንጨት ቤት ደግሞ ለመሬቱ የሚነሰነስ የተነፋ ሰጋቱራ በላስቲክ ሞላልኝ።

ለቅንጭቡ ግን ስፖንጅ አይሆንም፣ ሣር አይሆንም። ብሩሽ አየሁ፣ ወፈረ። የዕቃ ማጠቢያ ሻካራውን አረንጓዴ አየሁ፤ እሱ ለቁጥቋጦ አጥር ያምራል፤ ቅንጭብን ግን አይመስልም። እየተዘዋወርኩ ሳለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ላይ ባለሱቁ፣ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ሰው፣ አሮጌ ሽቦ ልብሱን እየገፈፉ መዳቡን ይለያሉ። የተገፈፈው ላስቲክ እግራቸው ሥር ተከምሯል፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ። አረንጓዴው! ቀጭን፣ ድብልብል፣ ቅጠል የሌለው። ቅንጭብ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼን አረንጓዴ ይሸጡልኛል?»

«ይኼ ቆሻሻ ነው እኮ።»

«ለእኔ አጥር ነው።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው» ብለው ጎንበስ አሉ፤ አረንጓዴውን ከቀዩ እየለዩ ያቀብሉኝ ጀመር። ግማሽ ሰዓት አብሬያቸው ለቀምኩ። ሽቦ የመግፈፉን ሥራም ትንሽ አገዝኳቸው።

ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ባሕር ዳር

በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ማዳበሪያዬ፣ ጭኔ ላይ ማንኩሳ የሸመትኩት በርበሬ፣ እጄ ውስጥ ደብተሬ። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ በርበሬውን አሽትታ መረቀችኝ፤ ማዳበሪያውን ሳትከፍት ወደ ሥራ ክፍሌ ገፋችው።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ የመጀመሪያው እጅግ ቀላል ነው፤ ሰው መንደር ስትገቡ አስቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ ከዚያ ቁረጡ። ክር በኪስም ይያዛል። ሁለተኛው፣ የፈለግሁት ዕቃ ገበያ ላይ ይገኛል፣ እንዴት እንደሚቆም ግን የሚያውቁት አጥሩን የሚያጥሩት ናቸው። የኔን ዋንዛ ጎረምሳ ያሉት ሽማግሌ ባይገሥጹኝ እስከ ዛሬ ጎረምሳ ዋንዛ እሠራ ነበር። ሰው ደግሞ እየተከራከረም ቢሆን የሌለ ቤት ያቆማል። ይህን አላውቅም ነበር።

ስምንት ቀን ሠራሁ። የሽቦውን ልብስ በሩዝ ፍሬ ልክ እየቆረጥኩ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየለጠፍኩ፣ ሰፊ ግቢ አጠርኩ። በሩን ወደ ምሥራቅ አደረግሁ። ከደጃፉ እስከ ወንዙ የቃጫውን ጤፍ ዘራሁ፣ መንገዱን በማሳው ዙሪያ አወረድኩ። ዋንዛውን ጎኑን አሰፋሁት። አውድማውን ከላይም ከታችም ላለማስቀየም መሐል ላይ አደረግሁት፤ አያ ጥሩነህና ወይዘሮ የሺ ይቅር ይበሉኝ።

በሁለተኛው እሑድ ጋሼ ወርቅነህን በክንዳቸው ይዤ አመጣኋቸው። የተላከባቸውን ሰላምታ ነገርኳቸው፤ «ጥሩነህ አለ!» ብለው ደስ አላቸው። ጠረጴዛው ላይ አጎነበሱ። በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ራሳቸውን ቀስ በቀስ እያዞሩ፣ ከወንዙ ጀምረው ወደ ላይ ወጡ። ረጅም ጊዜ ፈጀ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ቅንጭብ!» አሉ። «ቅንጭብ ነበር እኮ። እንዴት ረሳሁት?» መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ግፊቱ ነው አሉኝ። እኔም ግፊቱ ነው አልኩ።

ጨዋታ ጀመርን። የእሳቸው እግረኛ ከወንዙ ማዶ ኮረብታውን ይዟል፤ ፈረሶቻቸው በግቢው በኩል ናቸው። እኔ በሙሉ ኃይሌ ኮረብታውን ወጋሁ። ፈረሶቹ በማሳው ቀጥ ብለው ቢወርዱ በሁለት ዙር ወንዙ ጋ ይደርሳሉ፤ የእኔም ነገር ያኔ ያበቃል። ጋሼ ማስመሪያውን አነሱና በመንገዱ ላይ ለኩ። ፈረሶቹን አንድ በአንድ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ በማሳው ዙሪያ አዞሯቸው። አራት ዙር ፈጀባቸው። እስኪደርሱ ኮረብታውን ያዝኩ። ከዓመታት ወዲህ ሳሸንፋቸው ይህ ሦስተኛዬ ይሆናል፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ግራ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ፈረሶቹን በሜዳው ቢያመጧቸው እኮ ይደርሱልዎት ነበር። ለምን በመንገድ ዞሩ?» አልኳቸው።

«ጤፉ ገና አልታጨደም» አሉኝ። «የእናቴ ማሳ ነው።»